የባቄላ ሽታ ከአጥር ወዲያ

ወይራ ጊዮርጊስ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ትሕትና፤

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እኔን ከጠየቅሽኝ አልታመምኩም፣ ደህናም አይደለሁም። ሰላምታዬን ተቀበይና ወደ ነገሬ ልግባ።

«ሁለት ሳምንት ነው፤ ለእንቁ የአባባን ምግብ አሳይተሻት ትመለሻለሽ» ብለሽ አይደል የላክሽኝ? እኔም ውዳሴን «ቁርስ ቤታችንን እስክመጣ ብቻሽን ያዢልኝ፤ ፉሉ ላይ ጨው እንዳታበዢ» ብያት ነው ከፍኖተ ሰላም የወጣሁት። እዚህ በገባሁ በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ፤ ኔትወርኩም ጠፋ። ሾፌሩ ክንዱ ነገ የቡሬን በርበሬ በአይሱዙው ጭኖ በእናንተ በኩል ሊያልፍ ነው ስላሉኝ ነው ይህን የምጽፍልሽ። መንገዱ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

«እንቁ ለመደችው ወይ?» ብትዪኝ፣ አልለመደችውም። ያልለመደችው ስላላሳየኋት ነው። ያላሳየኋት ደግሞ አባባ ስላልፈቀዱ ነው። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ጓዳ ጠርተውኝ በሩን ዘጉና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ይኸን ስኳር የሚሉትን ነገር አንችና እትሽ ታውቁታላችሁ። ሌላ ሰው ከሰማው በማግስቱ አገር ይሰማዋል። መርፌ የሚወጋ ሰው በጠዋት ይበላል፤ በጠዋት የበላ ቄስ መቅደስ አይገባም። እናታችሁን እግዜር ወሰዳት፤ ካህን ነኝና ሌላ ሚስት አላመጣም። የቀረኝ መቅደሱ ነው። እሱን ልትወስጅብኝ ከሆነ የመጣሽው፣ መርፌሽን ይዘሽ ተመለሽ።»

ሻንጣዬን ፈታሁ።

እና እናታችን ካረፈች ጀምሮ እንጀራቸውን ስትጋግር፣ ወጣቸውን ስትሠራ የኖረችውን የአጎታችንን ልጅ እንቁን ከጓዳ አስወጥቼ እኔ ገባሁበት። እንቁ ቤቷ ከአጥሩ ወዲያ ነው፤ ሳስነጥስ ትሰማኛለች። «እጄ ምን ሆነና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አባባ የእኔ ወጥ ናፍቋቸው ነው» አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም ወደ ጓዳ ገብቼ ሽሮዬን አማሰልኩ።

መድኃኒቱን እንዳልሽው በእርጥብ አሸዋ መሀል በገንቦ አስቀምጬዋለሁ። እንጀራው የዳጉሳ ነው፤ ቆርሼ የምሰጣቸውም እኔ ነኝ። ሽሮውን አወፍረዋለሁ፤ ዘይቱን አሳንሳለሁ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። መቼ መጥተሽ ትተኪኛለሽ?

ፍሬሕይወት

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍሬዬ፣

ልጆቹ ጉንፋን ይዟቸው ነው የዘገየሁት፤ ክንዱም ጓሮ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን እየነፋ አዋከበኝ። ይቅርታ።

ሽሮ ማወፈርሽ ጥሩ ነው፤ ግን ሽሮ ላይ ብቻ አትንጠልጠዪ። የተፈጨው ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ያልተፈጨው ቀስ ይላል። ክሊኒክ ለሚመጡት ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፦ ጥራጥሬውን እንዳለ አብሉ። ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፈሽ እደሪ። ባቄላውን አብቅይውና በቆልቱን በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ቀቅይላቸው። ምስሩን ድፍኑን አዚፋ አድርጊው፤ ሰናፍጩን አትሰስቺ፣ አባባ ሰናፍጭ ይወዳሉ። ጎመን ከእንጀራው ይብለጥ። ድንች ከባቄላ ጋር በአንድ ትሪ አታቅርቢ፤ ለብቻው ስታደርጊም ጥቂት ይሁን። የእኛ አገር ሰው ድንችን እንደ ወጥ እንጂ እንደ እንጀራ አይቆጥረውም፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ ግን እንጀራ ነው።

ከሁሉ በላይ ይህን ያዢ፦ ሳይበሉ አይወጉ፤ ሳይወጉም አይዋሉ።

ለመተካቱ፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ እናያለን። ስለ ቁርስ ቤቱ አትጨነቂ። ውዳሴ ደህና ናት። የስኳር መለኪያውን ወረቀት በጨርቅ ጠቅልዬ ለክንዱ ሰጥቼዋለሁ። ግብጦም ያው ጥራጥሬ ነው፤ እዚያ አታጪም፤ ሞክሪው።

እትሽ ትሕትና

ወይራ ጊዮርጊስ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፤

በክንዱ አፍ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ የአባባ ስኳር ወርዷል። እጃቸው መደንዘዙን ትቶላቸዋል፤ ሌሊት ለሽንት መነሳቱም ቀንሷል። «የእናትሽን እጅ ወርሰሻል» ብለው መረቁኝ። እኔን ግን ምርቃቱ ደስ አላለኝም። በደንብ ባበሰልኩ ቁጥር የበለጠ የምታሰር እየመሰለኝ ነው። ወጡን ባበላሸው ይመልሱኝ ነበር፤ አሳመርኩትና ተቀመጥኩ። ይህን ያህል ሞኝ ሆኜ አላውቅም።

ግብጦውን ቆልቼ በጆንያ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ጭኜበት ከረመ፤ መራራው እስኪለቅ ውኃው ሲያጥበው። ሴቶቹ ልብስ ሊያጥቡ ሲወርዱ አዩት። «ለማን ድግስ ነው?» አሉኝ። «አባባ ከአረቄ ጋር ሊበሉት» አልኩ። አባባ አረቄ አፋቸው ገብቶ አያውቅም! አሁን ደግሞ ቄሱ በእርጅናቸው አረቄ ጀመሩ ይባል ይሆናል።

እንቁ አኩርፋኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ማኩረፏን ትታ መሰለል ይዛለች። ሰበብ ፈልጋ ትመጣለች፤ አንድ ቀን ድፍን ምስር አበድሪኝ፣ አንድ ቀን ሰናፍጭ ስጭኝ። ከአጥሯ ወዲያም ጠዋት ጠዋት የተቀቀለ ባቄላ ይሸተኛል። የራሴ ድስት ሽታ ነፋስ መልሶት ነው ብዬ ተውኩት። ባሏ ባምላኩ ደግሞ ጠላ ትቷል ይባላል። ባምላኩ! ሰርግ ላይ ገንቦው ሳያልቅ የማይነሳው ሰውዬ! የሆነ ነገር የተሳለ ይመስለኛል።

ክንዱን «ቁርስ ቤቴን አየኸው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ሻዩ ጥሩ ነው» አለኝና ጎማውን ሊያይ ወረደ። ጎማው ምንም አልሆነም። እታለም፣ ውዳሴ በእውነት ደህና ናት?

ከነገ ወዲያ ዐቢይ ጾም ይገባል። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው የሚያልቀው። አባባ በሳምንት ሦስት ቀን ተረኛ ናቸው። ሳይበሉ አይወጉ፣ ሳይወጉ አይዋሉ ብለሻል። ሁለቱን እንዴት አድርጌ ላስታርቃቸው?

ፍሬሕይወት

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍሬዬ፣

አይታረቁም። ይህን ለአባባ በእኔ ስም ንገሪያቸው።

የእኛ ሰፈር አሮጊት ታመው አባባ ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ፣ አሮጊቷ ጾም አልፈታም ብለው ሲያስቸግሩ «የታመመ ይብላ፤ እግዜር ጨካኝ አይደለም» ያሉት እሳቸው ናቸው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለሰው ሁሉ የፈረዱትን ፍርድ ለራሳቸው ይፍረዱ በያቸው። በመርፌው መጠን ደግሞ አንቺም እሳቸውም በገዛ እጃችሁ እንዳትነካኩ። መብላት ካልቻሉ ከመቅደስ ይቅሩ። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ከዚህ ሌላ ግን የምነግርሽ የለኝም።

ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ነገር ከተምታታባቸው ወዲያው ማር ወይም ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ስጪያቸው። ከዚያ ንፍሮ። ማር ከኪስሽ አይለይ።

ስለ ሌላው ነገር ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ልጆቹ ይናፍቁሻል።

ትሕትና

ወይራ ጊዮርጊስ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፤

«ማሩ አስፈልጎ ያውቃል ወይ?» ብለሽ በክንዱ አፍ ልከሽብኝ ነበር። አስፈልጓል። አባባ በሕይወት አሉ፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽና ተረጋግተሽ አንብቢ።

ያልሽውን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ሰሙኝና «እሺ፣ መርፌውን ውጊኝ፤ ሽምብራውን በጨርቅ ቋጥሪልኝ፣ ከመግባቴ በፊት ከዕቃ ቤት ጓሮ እበላዋለሁ» አሉ። አመንኳቸው። ወጋኋቸው። ሽምብራውንም ቋጠርኩላቸው። እሳቸው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለተቀመጡት ለማኞች ሰጥተውት ገቡ።

እኔ በሴቶቹ በኩል ቆሜአለሁ። ቅዳሴው እየገፋ ሲሄድ ድምፃቸው ተቆራረጠ። ሲወጡ አየኋቸው፤ ላቡ ከጥምጣማቸው ሥር ይወርዳል፣ መስቀሉን የያዘው እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው ከእኛ አልፎ ወዲያ ያያል። ዲያቆኑ ደገፋቸው። ሌላው ቄስ ቅዳሴውን ፈጸመ። ሕዝቡ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ተንበረከከ። አዛውንቶቹ አለቀሱ። «መንፈስ ቅዱስ ሲወርድባቸው አየን» ተባለ።

ከዕቃ ቤት ደርሼ ማሩን አጠጣኋቸው። ያየችኝ እንቁ ብቻ ናት። ብልቃጡን አየችው፣ እኔን አየችኝና ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ ቆመች። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ቤት አይደለም። ሰው እጃቸውን ሊስም ይመጣል። ከፈረስ ቤት ከተማ ድረስ በእግሩ የመጣ አለ። ባዶ እጁን የሚመጣ ደግሞ የለም፤ ማር በቅል፣ የስንዴ ዳቦ፣ ጠላ በማሰሮ። «በሞቴ አባታችን፣ ይቅመሱልኝ» ይላሉ። ባይቀምሱ ቅር ይሰኛሉ፤ ቢቀምሱ መለኪያው ይጮህብኛል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰው እመልሳለሁ። «ልጅቷ ስስታም ናት» እየተባልኩ ነው።

አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። «እውነቱን ልንገራቸው?» ብላቸው «አሁንማ እንዴት ይነገራል?» አሉኝ። በፊት የደበቅነው በሽታን ብቻ ነበር። አሁን ሰዉ ይህን በረከት ብሎ አምኖበታል፤ ማን ደፍሮ ይነካዋል?

እታለም፣ ነይ። እባክሽ ነይ። ብቻዬን አልቻልኩም። ጓዳው ውስጥ አየር ያጥረኛል። ቁርስ ቤቴን በሕልሜ አየዋለሁ፤ የመናኸሪያውን ጫጫታ፣ የጠዋቱን ፉል፣ ሾፌሮቹ «ፍሬ፣ ቶሎ በይ» ሲሉኝ። ለፋሲካ እመለሳለሁ ብዬ ለራሴ ምያለሁ።

ፍሬሕይወት

ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍሬዬ፣ እህቴ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ብዙ አለቀስኩ። ከዚያም ተናደድኩ፤ በአባባ፣ በመንገዱ፣ በራሴ።

ሳልነግርሽ የቆየሁት ነገር አለ። ቁርስ ቤቱ የለም። ውዳሴ ብቻዋን አልቻለችም፤ ጥር ሳያልቅ ንግሥቴ የምትባል ሴት አስገባች፤ ቆይታም ሁሉንም ለንግሥቴ ለቅቃ ወደ አዴት ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። በሩ ላይ ያለው ስም ተቀይሯል። ክንዱን ዝም እንዲል የለመንኩት እኔ ነኝ። የጠየቅኩት ፈቃድም የለም፤ አልጠየቅኩም።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ይህን ከነገርኩሽ ያን ቀን በእግርሽም ቢሆን እንደምትመጪ አወቅኩ። አንቺ ከመጣሽ አባባ ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ። እኔ ልጆች አሉኝ፣ ሥራ አለኝ፣ አንቺ ደግሞ ገና ነሽ አልኩ። ገና መሆንሽን እንደ ምክንያት ቆጠርኩት። ይህን ስጽፍ አፍሬ ነው የምጽፈው። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ለማለት ገና ነው።

የምሰጥሽ ምክር የለኝም። ሽምብራውን እንዴት እንደምትቀቅዪ ነግሬሻለሁ፤ ከዚያ ጓዳ እንዴት እንደምትወጪ ግን አላውቅም።

ትሕትና

ወይራ ጊዮርጊስ፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትሕትና፤

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። «እታለም» ያላልኩሽ ረስቼ አይደለም።

አባባ ምን እንደጻፍሽ ጠየቁኝ። እስካሁን ሳነብላቸው እንደኖርኩት እየዘለልኩ አላነበብኩላቸውም። ከላይ እስከ ታች፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የቁርስ ቤቱን፣ የንግሥቴን፣ «አንቺ ገና ነሽ» ያልሽውን፣ ሁሉንም። ሳነብ አለቀስኩ፤ አልቆምኩም።

አባባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ቁርስ ቤትሽ ውስጥ ስንት ሰው ይቀመጥ ነበር?» ከኔ መልስ ሳይጠብቁ ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ። የት እንደሄዱ አላውቅም። እስካሁን አልተመለሱም፤ የማታው መርፌ ሰዓት ደርሷል፤ ምስሩም በርዷል።

ክንዱ ሊሄድ ስለሆነ እዚህ ላይ አቁሜአለሁ። ሁለታችሁም አስራችሁኛል፤ እሳቸው በመቅደሳቸው፣ አንቺ በልጆችሽ። መልስ እንዳትጽፊልኝ።

ፍሬሕይወት

ወይራ ጊዮርጊስ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፤

አትጻፊ ብዬሽ እኔው መልሼ ጻፍኩ። ብዙ አለና ታገሺኝ።

አባባ ያን ማታ ዘግይተው ገቡ። ለካስ ከሌላው ቄስ ቤት ነው የዋሉት። ምስሩን ሳላሞቀው በሉ፣ ተኙ። በማግስቱ ደብረ ዘይት እሑድ ነው፤ ተረኛው እሳቸው ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ጓዳ ስገባ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «መርፌውን አምጭው» አሉ። ወጋኋቸው። «ሽምብራውንም አምጭው» አሉ።

በጨርቅ ልቋጥረው ስል እጄን ያዙ። «በሳህን» አሉኝ።

እታለም፣ አባታችን ከሰንበት ቅዳሴ በፊት ሲበሉ በሕይወትሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። አንድ አንድ ፍሬ እያነሱ በሉ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ አይጠርጉትም። ጨው እንዳልጨመርኩበት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ልነግራቸው አልቻልኩም። ሳህኑን ባዶ አድርገው ሰጡኝና ነጠላቸውን እንደ ማንኛውም ምእመን አጣፍተው ወጡ።

ቅዳሴውን ሌላው ቄስ ቀደሰ። አባባ ከሽማግሌዎቹ መሀል ቆሙ። ሕዝቡ እየዞረ ያያቸዋል። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ገባን። ዳቦው ተባርኮ ሲቀርብላቸው አልተቀበሉም። ቆመው እንዲህ አሉ፦

«ልጆቼ፣ ያን ቀን ስንቀጠቀጥ መንፈስ ቅዱስ ወረደ ብላችሁ እጄን ስማችኋል። መንፈስ ቅዱስ አይደለም። ስኳር አለብኝ። መርፌ ተወግቼ ሳልበላ ገባሁ፤ ስኳሬ ወረደና ተንቀጠቀጥኩ። የሳማችሁት የተራበ ሽማግሌ እጅ ነው። ለእናንተ የታመመ ይብላ እያልኩ ለራሴ ስዋሽ ከረምኩ። የኔን ውሸት ይዛ ጓዳ ውስጥ የታሰረችው ደግሞ ይች ልጄ ናት። ከዛሬ ጀምሮ መቅደስ አልገባም። አስተምራለሁ፣ ንስሐ እቀበላለሁ፣ ማኅሌት እቆማለሁ። ቅዳሴውን ግን ለጤነኛ ትቻለሁ።»

እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አሁን ይነሱባቸዋል ብዬ ስጠብቅ፣ የእንቁ ባል ባምላኩ ከወዲያኛው ጥግ ብድግ አለ። ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ነው የቆመው።

«አባታችን፣ እኔም አለብኝ» አለ። «ካቻምና ነው ቡሬ የነገሩኝ። በጾሙ በጠዋት እየበላሁ ነው የከረምኩት። የንስሐ አባቴ እርስዎ ነዎት፤ ጾም ፈታህ ብለው ያወግዙኛል ብዬ ደጅዎን ሸሸሁ።»

እንቁ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች፤ ወደ እኔ ነው የዞረችው። «አንች ልጅ!» አለችኝ፣ «አጥር ለአጥር አንድ ዓይነት ባቄላ ስንቀቅል ከረምን እኮ! እኔ ያንችን ሽታ ሳሸት ባሌን አወቁብኝ ብዬ ጭንቅ ሲለኝ! ያን ቀን ማሩን ሳይ ነው የገባኝ፤ ባምላኩም እንዲያ ሲያደርገው አይቻለሁ። ግን እኔ ምን አፍ አለኝ ልናገር?»

አባባ መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፤ ከዚያ ሳቁ። ያን ሁሉ ጊዜ ያላየሁትን ሳቅ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄዶ እንደገና ወደ ሳቅ ተመለሰ። ሕዝቡም ሲስቁ አይቶ ሳቀ። ሁሉም ግን አልሳቀም፤ ከፈረስ ቤት የመጡት ሰውዬ ምንም ሳይናገሩ ወጥተው ሄዱ። እሳቸውንም አልፈርድባቸውም።

ከዚያ ወዲህ እንቁ ጓዳዋን ተረክባለች። ሳሳያት ነው የሰነበትኩት፤ ሰናፍጭ ታበዛለች፣ ባቄላውን ደግሞ እስኪሟሽሽ ትቀቅላለች። አባባ ይበሉታል። መርፌውንም መለኪያውንም አስተምሬያታለሁ። ባምላኩ መለኪያ ኖሮት አያውቅም፤ አሁን ሁለቱ ጠዋት ጠዋት ጎን ለጎን ተቀምጠው ጣታቸውን ይወጉና ማን በለጠ እያሉ ይከራከራሉ።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ትናንት የቅዳሴው ደወል ሲደወል አባባን ከወይራው ሥር አየኋቸው። እጃቸው ሳያውቁት ወደ ደረታቸው ሄደ፤ ሲቀድሱ መስቀሉን የሚይዙበት ቦታ። ባዶ ነው። ቆይተው እጃቸውን አወረዱት። እኔ የወጣሁበትን በር እሳቸው በራሳቸው ላይ ዘግተው ነው የከፈቱልኝ። ይህን አይቼ ደስ ብሎኛል ብልሽ እንዴት ታምኚኛለሽ?

አንቺንም ገና ይቅር አላልኩሽም። ቁርስ ቤት የለኝም፤ የት እንደምጀምርም አላውቅም። ያለኝ ወንዝ ያጠበው አንድ ጆንያ ግብጦ ነው። አባባ በገዛ እጃቸው አስረው ሰጡኝ፤ «ለከተማ ሰው አቅምሺው» ብለው።

ይህን ደብዳቤ ክንዱ አያመጣልሽም። ክንዱ የሚያመጣው እኔን ነው። ደብዳቤውን በእጄ ሰጥቼሽ አንብበሽ እስክትጨርሺ ፊት ለፊትሽ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ ምክንያቱም ይህን ሁሉ በአፌ ልነግርሽ ከጀመርኩ ወይ እጮኻለሁ ወይ አለቅሳለሁ። ስትጨርሺ ምንም አትበይኝ። ተነሺና ወደ ጓዳ ግቢ።

ዛሬ እራት የምታበስዪው አንቺ ነሽ።

ፍሬሕይወት